«ፓወር»፦ የአንድ ቃል ትውልድና ትርጉም

በፊዚክስ ትምህርት ተማሪውን ከሚያደናግሩት ነገሮች አንዱ ቀመር ሳይሆን ስም ነው። መምህሩ «ፎርስ»፣ «ኢነርጂ» እና «ፓወር» የተባሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ሦስቱም የየራሳቸው ትርጉም፣ ቀመርና መለኪያ አላቸው፤ የመጀመሪያው በኒውተን፣ ሁለተኛው በጁል፣ ሦስተኛው በዋት ይለካል። ነገሩ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ሦስቱም «ኃይል» በሚለው አንድ ቃል ይጠቀለላሉ። ጋሪውን የሚገፋው ኃይል ነው፤ በባትሪው ውስጥ የተከማቸው ኃይል ነው፤ ተርባይኑ የሚያመነጨውም እንዲሁ ኃይል ነው። ከዚህ በኋላ ተማሪው በፈተና ወረቀት ላይ በዋት ፈንታ ጁል ቢጽፍ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ መጣል አይገባም።

በዚህ ጽሑፍ ከሦስቱ አንዱን፣ ማለትም ፓወርን፣ ይዘን ቃሉ ከየት እንደ መጣ፣ በጉዞው ምን ምን ትርጉም እንደ ተሸከመና የፊዚክስ ሊቃውንት ከዚያ ሁሉ መካከል አንዲቱን ብቻ መርጠው እንዴት እንዳጠበቧት እንመለከታለን። የቃላት ታሪክ በሳይንስ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ኤሌክትሪክ ሒሳቡ እስክንደርስ ድረስ እንዲታገሠን እንለምናለን።

ከ«መቻል» የተገኘ ስም

የቃሉ ሥር በላቲን ቋንቋ ይገኛል። ጥንታውያን ሮማውያን «መቻል» ለማለት «ፖሴ» ይሉ ነበር። ይህ ግሥ ራሱ «ፖቲስ» እና «ኤሴ» ከሚባሉ ሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው፤ ፖቲስ «የሚችል»፣ ኤሴ ደግሞ «መሆን» ማለት ነው። ስለዚህ ፖሴ ሲተነተን «የሚችል መሆን» ይሆናል። የሮም መንግሥት ተዳክሞ ሕዝቡ የሚናገረው ላቲን በየአገሩ ሲለዋወጥ ግሡ «ፖቴሬ» ወደሚል ቅርጽ ተሸጋገረ፤ ጣሊያኖች እስከ ዛሬ በዚሁ መልክ ይዘውታል። ስፓኝ «ፖዴር» አለችው። በፈረንሳይ ምድር ደግሞ መካከለኛው ድምፅ ጠፍቶ «ፖኤይር» ከሆነ በኋላ ቆይቶ የዛሬው «ፑቭዋር» ሆነ። በእነዚህ ሦስት ቋንቋዎች ሁሉ ያው አንዱ ቃል ግሥም ስምም ሆኖ ያገለግላል፤ ግሥ ሲሆን «መቻል»፣ ስም ሲሆን «ሥልጣን» ወይም «ኃይል» ይሰጣል።

ወደ እንግሊዝ አገር ያሻገሩት ኖርማኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ነበረ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ መታየት የጀመረው ወደ 1300 ገደማ ነው። ባሕሩን ሲሻገር ግን ግሥነቱን እዚያው ጥሎ ስምነቱን ብቻ ይዞ ገባ፤ እንግሊዞች «መቻል» ለማለት የራሳቸው ቃል ነበራቸውና። በዚህ ምክንያት የዛሬው እንግሊዝ ፓወር ብሎ ሲናገር በውስጡ «መቻል» የሚል ግሥ መኖሩ አይሰማውም። ፈረንሳዊው ግን በየዕለቱ ይሰማዋል።

ከኖርማኖች በፊት እንግሊዞች ለዚሁ ነገር የሚጠቀሙበት ቃል «ማይት» የሚባለው ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። የሚያስገርመው ይህም ቃል የተወለደው «መቻል» ከሚል ሥር መሆኑ ነው፤ «ሜይ» ከሚባለው ረዳት ግሥ ጋር አንድ ዘር ነው። ሁለት ልዩ ልዩ ሥሮች በአንድ መንገድ ተጉዘው አንድ ቦታ ደረሱ ማለት ነው።

የእኛም ቋንቋ በዚሁ መንገድ ተጉዟል። ከግዕዙ «ክህለ» ማለትም «ቻለ» ከሚለው ግሥ «ክሂሎት» እና «ከሃሊ» ተገኝተዋል፤ ከአማርኛው «ቻለ» ደግሞ «ችሎታ» እና ዳኞች የሚያስችሉበት «ችሎት» ወጥተዋል። በጸሎት መጻሕፍት ፈጣሪን «ከሃሌ ኵሉ» የምንለው «ሁሉን የሚችል» ለማለት ነው፤ ላቲኑም በተመሳሳይ አሠራር «ኦምኒፖቴንስ» ይለዋል፤ «ኦምኒ» ሁሉ፣ «ፖቴንስ» የሚችል። ግዕዝና ላቲን በዘር የማይገናኙ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሰው ስለ ኃይል ሲያስብ ግን በሁለቱም ዘንድ መነሻው «ይህ ነገር ምን ማድረግ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ሆኖ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ እናንሣ። በአሠራሩ ከፓወር ጋር የሚመሳሰለው የአማርኛ ቃል «ችሎታ» እንጂ «ኃይል» አይደለም። «ኃይል» ከዕብራይስጡ «ሐይል» ጋር የሚዛመድ የሴም ቃል ሲሆን በሁለቱም ቋንቋዎች ብርታትንም ሠራዊትንም ያመለክታል። እኛ «አየር ኃይል» የምንለውን እንግሊዞች «ኤር ፎርስ» ይሉታል፤ ፎርስም «ብርቱ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ የ«ኃይል» እውነተኛ አቻ ፎርስ ሆኖ ሳለ በልማድ የፓወርንም የኢነርጂንም ወንበር ይዞ ተቀምጧል። በጸሐፊው አስተያየት የክፍል ውስጥ ውዥንብር አብዛኛው ምንጩ ይኸው ነው።

የፓወር ዘመዶች ብዙ ናቸው። «ሊሆን የሚችል» የሚል ትርጉም ያለው «ፖሲብል» አንዱ ነው። «ፖቴንሻል» ሌላው ሲሆን፣ ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊልያም ራንኪን እ.ኤ.አ. በ1853 «ፖቴንሻል ኢነርጂ» የሚለውን ስያሜ ያወጣው ገና ያልተገለጠውን ነገር ግን ሊገለጥ የሚችለውን ኢነርጂ ለማመልከት ነው። በሩቅ ዝምድና ደግሞ የግሪኩ «ዴስፖቴስ»፣ ማለትም የቤት ጌታ፣ እና የሕንዱ ሳንስክሪት «ፓቲ»፣ ማለትም ጌታ ወይም ባል፣ ከዚሁ ጥንታዊ ሥር የበቀሉ ናቸው።

ትርጉሞቹ

ቃሉ ሰባት መቶ ዓመት በእንግሊዝኛ ውስጥ ሲኖር ትርጉሙ እንደ ዋርካ ሰፋ። መንግሥት የያዘው ሥልጣን ፓወር ነው። ለሌላ ሰው የሚሰጥ የውክልና ሥልጣን ፓወር ነው። ኃያላን መንግሥታትም በብዙ ቁጥር በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ከግድግዳው ሶኬት የምናገኘው ኤሌክትሪክ እንኳ በተራው ሰው አፍ ፓወር ይባላል፤ እንግሊዙ «ፓወር ተቋረጠ» ሲል እኛ «መብራት ጠፋ» እንላለን፤ የጠፋው የምጣዱ ሙቀት ቢሆንም።

በሒሳብ ትምህርት ውስጥ ያለው ትርጉም ግን ቆም ብሎ መመርመር የሚገባው ነው። 5 በራሱ ሲባዛ 25 ይሆናል፤ ይህንንም እንግሊዝኛው «የአምስት ሁለተኛ ፓወር» ይለዋል። ቁጥርን በራሱ ማባዛት ከኃይል ጋር ምን ያገናኘዋል? መልሱ በጥንታዊት ግሪክ ነው። የግሪክ ጂኦሜትሪ ሊቃውንት ስለ አንድ መስመር ሲናገሩ፣ መስመሩ በጎኑ ልክ ሊያስገኝ ስለሚችለው ካሬ ይናገሩ ነበር፤ መስመሩ ይህን ያህል ስፋት ያለው ካሬ «ይችላል» ይሉ ነበር። ከዚሁ ግሥ የተገኘው «ዲናሚስ»፣ ትርጉሙ ችሎታ ወይም ኃይል ሲሆን፣ በሒሳብ ቋንቋ የካሬ ስም ሆነ። በእስክንድርያ የነበረው ዲዮፋንቶስም የማይታወቀውን ቁጥር ካሬ በዚሁ ስም ጠራው። የላቲን ተርጓሚዎች ዲናሚስን «ፖቴንሺያ» አሉት፤ እንግሊዞችም ፖቴንሺያን ፓወር ብለው ወሰዱት። ከካሬ ጀምሮ ወደ ሦስተኛ፣ አራተኛና ከዚያም በላይ ወዳለው ብዜት የተስፋፋው ቆይቶ ነው። ስለዚህ የሒሳቡና የፊዚክሱ ፓወር በሥር አንድ ቢሆኑም በሥራ አይገናኙም፤ አንዱን ከሌላው ለመፍታት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

በብርሃን ትምህርት የሌንስ ፓወር የሚባለው 1 ለትኩረት ርቀቱ በሜትር ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ የትኩረት ርቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ሌንስ 2 ዳይኦፕተር ይሆናል። በስታቲስቲክስ ደግሞ የአንድ ፈተና ፓወር ማለት በእርግጥ ያለ ልዩነት ሳይታለፍ የመገኘቱ ዕድል ነው። እነዚህ ሁለቱ በዋት አይለኩም።

የዋት ፈረስ

በፊዚክስ ውስጥ ፓወር ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ሥራ የሚሠራበት ወይም ኢነርጂ የሚተላለፍበት ፍጥነት። የተሠራው ሥራ ለወሰደው ጊዜ ሲካፈል ፓወር ይገኛል። በአንድ ሰከንድ አንድ ጁል ከተሠራ አንድ ዋት ነው። ይህ ጠባብ ትርጉም ግን ከንግድ ገበያ እንጂ ከፈላስፎች ጉባኤ የመጣ አይደለም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1736 ነው። የእንፋሎት ሞተርን የፈጠረው እርሱ ነው የሚለው የተለመደ አባባል ትክክል አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የኒውኮመን ሞተር በማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ ውኃ ይቀዳ ነበር። ዋት ያደረገው ይህን ብዙ ከሰል የሚበላ ሞተር አሻሽሎ ወጪውን መቀነስ ነው። እርሱና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ከማዕድን ባለቤቶች ይጠይቁ የነበረው ክፍያ አዲሱ ሞተር ካዳነው የከሰል ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ነበር። ይህ ስምምነት የድሮ ሞተር ለነበራቸው ደንበኞች ይሠራል። ወፍጮውን በፈረስ ለሚያዞር ቢራ ጠማቂ ግን የዳነ ከሰል የለም፤ ደንበኛው የሚጠይቀው «ይህ ሞተር የስንት ፈረስ ቦታ ይይዝልኛል?» ብሎ ነው።

ዋት ይህን ለመመለስ የወፍጮ ፈረስን ሥራ አሰላ። ፈረሱ የመዞሪያው ግማሽ ሽቅብ፣ ማለትም ራዲየሱ፣ 12 ጫማ በሆነ ክብ ላይ በሰዓት 144 ጊዜ ይዞራል፤ የሚስብበት ጉልበት ደግሞ 180 ፓውንድ ነው ብሎ ወሰደ። የክቡ ዙሪያ 75.4 ጫማ ያህል ነው፤ ፈረሱ በደቂቃ 2.4 ጊዜ ስለሚዞር በደቂቃ 181 ጫማ ያህል ይሄዳል። ይህን በ180 ብናባዛው ወደ 32,600 ይጠጋል፤ ዋትም ወደ 33,000 አጠጋጋው። ይኸውም 33,000 ፓውንድ ክብደትን በአንድ ደቂቃ አንድ ጫማ ከፍ ማድረግ ነው። በዛሬው መለኪያ 746 ዋት ሲሆን፣ 76 ኪሎግራም የሚመዝን ሰውን በየሰከንዱ አንድ ሜትር ከፍ እንደ ማድረግ ይቆጠራል። ተራ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ይህን ያህል ሊሠራ አይችልም። ለጥቂት ሰከንዶች ከሆነ ግን ብርቱ ፈረስ ከዚህ ከ10 እጥፍ በላይ ሊያወጣ ይችላል። በአማርኛ «የፈረስ ጉልበት» የምንለው መለኪያ እንግዲህ ለሻጭና ለገዢ መተማመኛ ሲባል የተደረሰበት ስምምነት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። «ጥማድ» ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ የመሬት ልክ ሲሆን አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ማሳ ማለት ነው። ልኩ እንደ አገሩ፣ እንደ አፈሩና እንደ በሬዎቹ ይለያያል። ዋት ፈረሱን በደቂቃ፣ ገበሬው በሬዎቹን በቀን ለኩ፤ ዋት ውጤቱን የሞተር ዋጋ አደረገው፤ ገበሬው የመሬት ስም አደረገው። ሁለት ገበሬዎች እኩል ማሳ አርሰው አንዱ በአንድ ቀን፣ ሌላው በሁለት ቀን ቢጨርሱ የሠሩት ሥራ እኩል ነው፤ የመጀመሪያው ጥማድ ፓወር ግን የሁለተኛው እጥፍ ነው።

የመለኪያው ስም «ዋት» እንዲባል ሐሳብ ያቀረበው ዊልያም ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በ1960 ደግሞ ዋት በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ውስጥ ተካተተ።

ሊቃውንቱም ተደናግረዋል

ተማሪውን የሚያጽናና አንድ ታሪክ እናክል። «ኢነርጂ» የሚለውን ቃል በዛሬው ትርጉም አቅራቢያ ያስገባው ቶማስ ያንግ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1807 ነው፤ ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ በ1829 «ሥራ» ለሚለው ቃል የፊዚክስ ትርጉም ሰጠው። ይህም ሆኖ ጀርመናዊው ሄልምሆልትስ በ1847 ኢነርጂ አይጠፋም፣ ከመልክ ወደ መልክ ይለወጣል እንጂ የሚለውን ታላቅ ሕግ ሲያትም በመጽሐፉ ርእስ ላይ የተጠቀመበት ቃል «ክራፍት» ነበር። ክራፍት በዛሬው የጀርመን ፊዚክስ ፎርስ ማለት ነው! ቃላቱ ገና ስላልተለዩ ከዘመኑ ታላላቅ አእምሮዎች አንዱ ለኢነርጂ የፎርስን ስም ሰጠ። ጀርመኖች በኋላ ችግሩን ሲፈቱ ለፓወር የመረጡት ቃል «ላይሽቱንግ» ነው፤ ትርጉሙም ተሠርቶ የተገኘ ውጤት እንደ ማለት ነው እንጂ ከኃይልም ከመቻልም ጋር አይገናኝም። ብልህ ምርጫ ይመስለናል።

ከቆጣሪው እስከ ግድቡ

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ ሒሳቡ ደርሰናል። እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ስሙ ብዙ ጊዜ ቢለወጥም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ይለዋል። በነገራችን ላይ በቀድሞው ስም ውስጥ «ኃይል» እና «ባለሥልጣን» ጎን ለጎን መቆማቸው፣ እንግሊዝኛው በአንዱ ፓወር የሚሸፍናቸውን ሁለት ትርጉሞች አማርኛው ለይቶ እንደሚያስቀምጥ ያሳያል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ግን ፓወርን አይደለም። የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይህም ፓወር በጊዜ ተባዝቶ የሚገኝ የኢነርጂ መጠን ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ይሆናል።

የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳሉ። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ሳያቋርጥ አንድ ሰዓት ቢሠራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በዚሁ ኢነርጂ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ሰዓት ይበራል፤ ይኸውም በየሌሊቱ 12 ሰዓት ቢበራ ለ29 ሌሊት ይበቃል ማለት ነው። ወጪ ለመቀነስ አምፖል የሚያጠፋና ምጣዱን ያለ ሥራ ሲግል የሚተው ቤተሰብ የፓወርን ትርጉም ገና አልተረዳም።

በጋዜጦችና በዜና ማሠራጫዎች ኪሎዋት ሰዓት አዘውትሮ «ኪሎዋት በሰዓት» እየተባለ ይጻፋል። ይህ ትንሽ የሚመስል ፊደል ነገሩን ሁሉ ያዛባል። «በሰዓት» ስንል፣ ልክ «60 ኪሎሜትር በሰዓት» እንደምንለው፣ ለሰዓት እናካፍላለን፤ ኪሎዋት ሰዓት ግን ብዜት ነው። ዋት ራሱ «ጁል በሰከንድ» ስለሆነ ጊዜው አስቀድሞ በውስጡ አለ። «ኪሎዋት በሰዓት» የሚለውን ቃል በቃል ብንወስደው ፓወር በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚጨምር ይገልጻል፤ ለቤት ሒሳብ ማንም የማይፈልገው ነገር ነው።

የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ላይ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ የማመንጨት ዓቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ይህ ፓወር ነው። በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚገመተው ደግሞ ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ይጠጋል፤ ይህ ኢነርጂ ነው። በዓመት 8,760 ሰዓታት አሉ። ተርባይኖቹ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ዓቅማቸው ቢሽከረከሩ ኖሮ 45,114 ጊጋዋት ሰዓት ይገኝ ነበር። የሚጠበቀው ከዚህ 35 በመቶ ያህሉ ነው፤ አማካይ ፓወሩም ወደ 1,800 ሜጋዋት ይመጣል። አንዱ አኃዝ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም። በአንድ ቅጽበት የሚገኘውን ከፍተኛ ፓወር የሚወስነው የተርባይኖቹ ብዛትና መጠን ነው፤ የዓመቱን ኢነርጂ የሚወስነው ዓባይ በዓመት ውስጥ ይዞት የሚመጣው ውኃና ውኃው የሚወድቅበት ከፍታ ነው። በግድቡ ላይ ከሚሰሙት ክርክሮች ጥቂት የማይባሉት አንዱ ወገን ስለ ሜጋዋት፣ ሌላው ስለ ጊጋዋት ሰዓት እየተናገረ ሁለቱም «ኃይል» ስለሚሉት የተነሡ ናቸው።

«ፓወር ባንክ» የሚባለው የኪስ መሣሪያም ስሙ የተሳሳተ ነው፤ ባንክ ገብቶ የሚቀመጠው ኢነርጂ እንጂ ፓወር አይደለም። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበትና የውስጥ ባትሪው 3.7 ቮልት የሆነ መሣሪያ የሚይዘው 37 ዋት ሰዓት ነው። ስልኩን ቶሎ ወይም ዘግይቶ መሙላቱን የሚወስነው ግን በመውጫው ላይ የተጻፈው ዋት ነው።

አንባቢ የራሱን ፓወር መለካት ቢሻ ሚዛን፣ ሜትርና የእጅ ሰዓት ይበቁታል። 60 ኪሎግራም የሚመዝን ተማሪ 9 ሜትር ከፍታ ያለውን የፎቅ ደረጃ ሲወጣ 60 በ9.8፣ ያም በ9 ተባዝቶ 5,292 ጁል ሥራ ይሠራል። በዝግታ በ40 ሰከንድ ቢወጣ ፓወሩ 132 ዋት፣ ፈጠን ብሎ በ20 ሰከንድ ቢወጣ 265 ዋት ያህል ይሆናል፤ ሥራው ግን ያው 5,292 ጁል ነው። የጄምስ ዋትን ፈረስ ለመስተካከል ያንኑ ደረጃ በ7 ሰከንድ ገደማ መጨረስ ያስፈልገዋል።